ሰው ወደ አገልግሎት ክበብ ለምን ይገባል? ገብቶስ ለምን ይቆያል?

በደብረ ብርሃን ከተማ ለአገልግሎት ክበብ ምሥረታ ጉባኤ በአደራጅ ኮሚቴው የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የጤናና የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ወጣቶች፤ ከደብረ ሲና፣ ከአንኮበርና ከመንዝ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጥሪው ሲደርሳችሁ ብዙዎቻችሁ «እድር አለን፣ ሰንበቴ አለን፣ ማኅበር አለን፤ ደግሞ ክበብ ለምን?» ብላችኋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከእሱው እንጀምር።

እድር የሚቆመው ስሙ በመዝገቡ ላይ ላለ ሰው ነው። ወርኃዊ መዋጮውን የከፈለ ቤተሰብ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይመጣል፣ ሰው አብሮት ያመሻል። እቁብ ዞሮ ዞሮ ለባለ ዕጣው ይደርሳል። ወንፈልም ቢሆን ዛሬ ያጨደልህ ሰው ነገ በእርሱ ማሳ ላይ ይጠብቅሃል። እነዚህ ሥርዓቶች ጸንተው የኖሩት ብድራቸው ስለሚመለስ ነው። የአገልግሎት ክበብ ግን የሚሠራው መዝገቡ ላይ ለሌለ ሰው ነው። ምንጭ የሚጎለብትለት መንደር፣ በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት፣ ጣሪያቸው የሚያፈስባቸው አዛውንት መዋጮ አልከፈሉም፤ ብድርም አይመልሱም። ስለዚህ ክበቡ እድርን አይተካም፣ አይሻማምም። ነገር ግን ብድር የማይመለስበት ስብስብ ቶሎ ይፈርሳል። አባሉን የሚይዘው ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ ዛሬ የምንናገረውም ስለዚያ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ክበብ በዓለም ዘንድ የቆየ ነው። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ሲጀመር ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ የሰበሰበው አንድ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴና አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ላየንስ በ1917 ተከተለ፤ የአዲስ አበባው ሮታሪ ክበብም በ1955 ተመሠረተ፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። ከእነሱ የምንወስደው የሙያ ስብጥሩን ነው። 30 መምህራን ብቻ ያሉበት ክበብ ጥሩ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፤ ቱቦ የሚያጋጥምለት ግን አያገኝም። ግንበኛ፣ ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ ቧንቧ ሠራተኛና አገሩን የሚያውቅ ገበሬ ያሉበት የ15 ሰው ክበብ ከእሱ የበለጠ ይሠራል።

አሁን ወደ ሰው ምክንያት እንምጣ። ሰው ወደ ክበብ የሚገባው በጽድቅ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ከተማችን በፋብሪካውና በዩኒቨርሲቲው ምክንያት ከሌላ አገር በመጣ ሰው ተሞልታለች። ይህ ሰው የሥራ ባልደረባ አለው፣ ጎረቤት ግን የለውም፤ ተከራይ ስለሆነም ሰፈር ይቀያይራል፣ እድር ሳይገባ ዓመታት ያልፋሉ። ጡረታ የወጣው መምህር ወይም ሒሳብ ሠራተኛ እጁ ላይ ያለው ሙያ እንዲባክን አይፈልግም። ነጋዴው ስሙ በመልካም እንዲነሣ ይሻል። ወጣቱ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆነው የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ የሚኖረው የአገር ልጅ ለተወለደበት ቀበሌ አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል፤ ገንዘቡን የሚያምነው እጅ ግን አጥቷል። እነዚህ ሁሉ በቂ ምክንያቶች ናቸው፤ ማንም የገባበትን ምክንያት ሊያፍርበት አይገባም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንላለን። ቤት ንብረታቸውን ጥለው ከተማችን የተጠለሉ ወገኖቻችንን ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ከመካከላቸው ግንበኛ አለ፣ አናጢ አለ፣ አዋላጅ ነርስ አለች። ብርድ ልብስ የምንሰጠው ሰው በሚቀጥለው ወር ምንጭ አብሮን እንዲገነባ በአባልነት እንጋብዘዋለን።

መግባት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው መቆየት ነው። ክበቦች የሚሞቱበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ስብሰባ ይደረጋል፣ ሥራ አይሠራም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጡት ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ብቻ ይሆናሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ እውነት ነው። ግን ማን የትኛውን ሎሚ እንደሚይዝ ካልተነገረው ሃምሳው ሰው ባዶ እጁን ይቆማል። ስለዚህ በረቂቅ ደንባችን የአባል ግዴታ በወር 4 ሰዓት ነው፦ 1 ሰዓት ስብሰባ፣ 3 ሰዓት ሥራ። ስብሰባው በተባለው ሰዓት ይጀመራል፣ በተባለው ሰዓት ያልቃል። እያንዳንዱም ሲወጣ ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚያደርስ ስሙ ፊት ለፊት ተጽፎ ያያል።

ከሁሉ የሚቀለው የመጀመሪያ ሥራ ደም መለገስ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። ብዙ ማኅበራት ግን በአንድ የበዓል ቀን ሁሉንም አባል አሰልፈው ያስለግሳሉ፤ ይህ ፎቶው ጥሩ ነው፣ ጥቅሙ ግን ይቀንሳል። ደም በማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ነው። 30 ለጋሾች ካሉን በሦስት ምድብ ከፍለን በየወሩ አሥር አሥር ሰው እንልካለን፤ ያን ጊዜ ዓመቱን በሙሉ ደም የማይሰጥበት ወር አይኖርም።

ትልቁ ሥራችን ምንጭ ማጎልበት ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ምንጩ ይለካል። የሚለካው ዝናብ ካበቃ በኋላ በመስከረም ሳይሆን ውሃው በጣም በሚያንስበት ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። በልግ በሚዘንብበት ቀበሌ ደግሞ ከበልጉ በፊትም ደግሞ ይለካል። መሣሪያው ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ብቻ ነው። ጀሪካኑ በ100 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 36 ጀሪካን፣ ማለት 720 ሊትር ይወጣል፤ በ24 ሰዓት 17,280 ሊትር። የገጠር መጠጥ ውሃ መለኪያው ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ስለሆነ ይህ ምንጭ ወደ 690 ሰው ይችላል። ነገር ግን ሌሊት የሚወጣውን ካላጠራቀምነው ግማሹ ይፈስሳል፣ የሚደርሰውም ለ345 ሰው ብቻ ይሆናል። የ12 ሰዓቱ ሌሊት ውሃ 8,640 ሊትር ስለሆነ 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ይበቃል። ይህን ስሌት ያልሠራ ክበብ ወይ የማይሞላ ትልቅ ገንዳ ይገነባል፣ ወይ ሴቶች ከንጋት ጀምረው የሚሰለፉበት ቧንቧ ይተክላል።

ቀጥሎ የምንጩ ዐይን እስኪገኝ ድረስ ጭቃውና ሥራ ሥሩ በጥንቃቄ ይነሣል። ዐይኑ ዙሪያ የታጠበ ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል፣ ከላይ የተረገጠ ሸክላ አፈር ይደፋበታል፣ ከፊቱ ግንቡ ይቆማል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ውሃው ከፍ ብሎ እንዲወጣ ብለው መውጫ ቱቦውን ከዐይኑ በላይ ማድረግ ነው። ውሃው ሲታገድ ወደ ኋላ ይጫናል፣ በሌላ ስንጥቅ መንገድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ መንደሩ «ምንጩ ጠፋ» ይላል። መውጫውም ትርፍ ውሃ ማስወጫውም ከዐይኑ ዝቅ ማለት አለባቸው።

ከምንጩ በላይ በኩል ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል፤ ሽንት ቤት ከ30 ሜትር ባነሰ ርቀት ሊኖር አይገባም፣ ያውም ከምንጩ በታች ቢሆን ይመረጣል። ለከብቶች ገንዳና ለልብስ ማጠቢያ ከታች በኩል ለብቻ ካልተሠራላቸው አጥሩ አንድ በጋ አይቆይም፤ የተጠማ ከብት ያፈርሰዋልና። በአጥሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ አይተከልም። የእኛ ደጋ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ያልጠነከረ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ውሃ ከበረደ ግንቡ ይፈረፈራል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የሚገነባ ከሆነ ማታ በጆንያና በጭድ ይሸፈናል፣ ቀን ቀን ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣል። ሲያልቅ ገንዳው በበረኪና ይታጠባል፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስም ውሃው ይደፋል።

ሥራውን መንደሩ ሳይጠይቀን አንጀምርም። ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ከመንደሩ፤ ሲሚንቶ፣ ቱቦና ግንበኛ ከክበቡ። ሴቶች ያሉበት የውሃ ኮሚቴ ግንባታው ሳይጀመር ይመረጣል፣ ለጥገና የምትሆን ትንሽ ገንዘብም በየወሩ ይሰበስባል። የቧንቧ ጎማ አልቆ የሚለውጠው ሰው በመጥፋቱ ብቻ የደረቀ የውሃ ቦታ በዞናችን ያላየ ሰው ያለ አይመስለንም።

የአቅመ ደካሞችን ቤት ስለማደስ በአጭሩ እንናገር። ልማዱ ሁሉንም በክረምት ማድረግ ነው፤ ተማሪው የሚገኘው ያኔ ስለሆነ። ሆኖም በሐምሌና በነሐሴ የተመረገ ጭቃ በእኛ ብርድ አይደርቅም፤ ይሻግታል፣ ይወድቃል። ጣሪያው ከሰኔ በፊት ይሠራ፣ ምርጊቱ መስከረም ካለፈ በኋላ ይሁን። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅና ሳይሰነጠቅ ሁለተኛው አይደረብ። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ በስርጉዱ ላይ ከተመታ ያፈስሳል። የበሰበሰ እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ደግሞ የለጋሹን ገንዘብ ለነፋስ መስጠት ነው።

የመጨረሻው ገንዘብ ነው። 30 አባላት በወር 100 ብር ቢያዋጡ በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። ይህ ለትልቅ ሥራ አይበቃም፤ ግን የራሱን መዋጮ ያልከፈለ ክበብ ሌላውን «ደግፉን» ለማለት አፍ የለውም። ሰው የሚደግፈው ገንዘቡ የት እንደገባ ሲያይ ነው። የባንክ ሒሳቡ በክበቡ ስም ይከፈታል፤ ሦስት ፈራሚዎች ይኖራሉ፣ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም፤ የአንድ ቤተሰብ ሰዎችም አብረው ፈራሚ አይሆኑም። ተራ ቁጥር የሌለው ደረሰኝ አይቆረጥም። ኦዲተሩ የሥራ አስፈጻሚ አባል አይሆንም። በየሩብ ዓመቱ ገቢና ወጪው በአንድ ገጽ ተጽፎ ሥራው በተሠራበት ቀበሌ ይለጠፋል፣ ለአዲስ አበባው ደጋፊም በስልኩ ይላካል። የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። እኛ በክልላችን ብቻ ስለምንሠራ የምንመዘገበው በክልሉ ነው፤ ቢሆንም ይህን ገደብ በረቂቅ ደንባችን ውስጥ አስገብተነዋል። ፖለቲካና የሃይማኖት ክርክር ወደ ስብሰባው አይገባም የሚለው አንቀጽም አብሮ አለ፤ ሲነበብ አስተያየታችሁን ስጡበት።

መዝገቡ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትመዘገቡ ከስማችሁ ቀጥሎ ሙያችሁን፣ ከሳምንቱ የሚመቻችሁን ቀን፣ ደም መለገስ የምትችሉ መሆናችሁን ጻፉ። በቀበሌያችሁ ያልጎለበተ ምንጭ ካለ ቦታውን፣ ስንት አባወራ እንደሚጠቀምበትና በበጋ ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ለጸሐፊው ንገሩት። ያልለካችሁ ለክታችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።

እናመሰግናለን።