ንጉሡን ያሳቁት ጳጳስ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1170 የእንግሊዙ ንጉሥ የዳግማዊ ሄንሪ ባላባቶች፣ ንጉሡን እምቢ ይሉ የነበሩትን የካንተርበሪውን ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬትን በገዛ ካቴድራላቸው ውስጥ በሰይፍ ገደሏቸው። ንጉሡ ለዚህ ደም ንስሐ ካቋቋማቸው ገዳማት አንዱ የዊታም ገዳም ሲሆን፣ እንዲመሩት የተጠሩት በቡርጎኝ የተወለዱትና በፈረንሳይ ተራሮች ባለው በግራንድ ሻርትሬዝ ገዳም የመነኮሱት አባ ሂዩ ነበሩ።

ሂዩ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት፣ ለገዳሙ ሲባል ከመሬታቸው የሚነሡት ገበሬዎች ለጎጆዎቻቸው ሁሉ ካሳ እንዲከፈላቸው አደረጉ። ከዚያም ጎጆዎቹን ለእሳቸው እንዲሰጣቸው ንጉሡን ለመኑና፣ እንጨቱን አፍርሰው እንዲወስዱት ለነባር ባለቤቶቹ መለሱላቸው። ሄንሪ ሳይታወቀው ለአንድ ጎጆ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

በ1186 የሊንከን ጳጳስ ሆነው ከተሾሙ በኋላ የንጉሡን የደን ሹም አወገዙ፤ ንጉሡ ለአንድ አሽከሩ የጠየቀውንም የቤተ ክርስቲያን ሹመት ከለከሉ። ሄንሪ አስጠራቸው። ሲደርሱ ንጉሡ መኳንንቱን ሰብስቦ ሣር ላይ ተቀምጧል፤ ማንም እንዳይነሣላቸው አዝዟልና አንድም ሰው ቀና አላለም። ሂዩ ግን ከንጉሡ አጠገብ የነበረውን መኰንን ቀስ ብለው ገፋ አድርገው ተቀመጡ። ሄንሪ መርፌና ክር አስመጥቶ፣ በቆሰለ ጣቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ዝም ብሎ ይሰፋ ጀመር። ጳጳሱ ጥቂት አዩትና «አሁን የፋሌዝ ዘመዶችህን ምንኛ መሰልህ!» አሉት። የቅድመ አያቱ የድል አድራጊው ዊሊያም እናት የፋሌዝ ከተማ ቆዳ ፋቂ ልጅ ነበረች ይባል ስለነበር፣ ስድቡ ለማንም ግልጽ ነው። ንጉሡ በሣቅ ፈነዳ፤ ውግዘቱም ሹመቱም በጳጳሱ ቃል ጸና።

በእኔ ግምት ሂዩ ከቤኬት ያነሰ እምቢ አላሉም። በ1197 የሄንሪ ልጅ ንጉሥ ቀዳማዊ ሪቻርድ በፈረንሳይ ለሚያደርገው ጦርነት የእንግሊዝ ጳጳሳትና መኳንንት በአንድነት 300 ፈረሰኞች እንዲያቀርቡ ሲጠየቁ፣ ሂዩ የሊንከን ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ ውጭ የማዝመት ግዴታ የለባትም ብለው ቆሙ። በኋላም ፈረንሳይ ድረስ ሄደው፣ ፊቱን ያዞረባቸውን ንጉሥ ልብሱን ይዘው እየነቀነቁ ስመኝ አሉት፤ ሳቀና ሳማቸው።

በ1185 የምድር መንቀጥቀጥ ያፈረሰውን ካቴድራላቸውን እንደ ገና ሲያስገነቡ፣ እሳቸው ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። በኅዳር 1200 ለንደን ውስጥ ዐርፈው አስከሬናቸው ሊንከን ሲደርስ፣ ሕንፃው ገና አላለቀም፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱም ንጉሥ ጆን ነበር።