ዘበኛው ስም አልነበረውም

እንደምን አመሻችሁ!

ከፊልሙ በፊት ጥቂት እንዳወራ ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የሐይቁን ዳር ነፋስ ትታችሁ እዚህ አዳራሽ ገብታችኋልና አላስረዝምም።

ዛሬ የምናየው ብዙዎቻችን ያደግንበትን ዓይነት የድሮ ኮሜዲ ነው። በብሔር የሚቀለድበት ቦታ አለው። ጉራጌው ሳንቲም ይቆጥራል። ከገጠር የመጣው ኦሮሞ ከተማ ገብቶ ይደናገራል። የደቡቡ ልጅ ወይ ሊስትሮ ነው፣ ወይ ዘበኛ። ፕሮግራሙን ስናዘጋጅ ብዙ ወጣቶች የጠየቁን ነገር አንድ ነው፦ ይሄ ስድብ ነው ወይስ ጨዋታ?

ከአባቴ ልጀምር።

አባቴ ከወላይታ መጥቶ፣ እዚሁ ሐዋሳ በዘበኝነት ሠርቶ ነው ያሳደገን። አማርኛን የለመደው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ፣ በጆሮው ነው። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ለእንቁጣጣሽ ጎረቤት ጠሩን። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡና ተፈልቷል፣ እኛ ልጆች መሬት ላይ ተደርድረናል። ኮሜዲው ተጀመረ። አንድ ዘበኛ ካፖርት ደርቦ፣ ዱላ ይዞ ብቅ አለና የቤቱን እመቤት "አንተ" አላት። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ። ዞር ስል አባዬም ይስቃል። ግን ስኒውን እንደሞላ መሬት ላይ አስቀመጠው። ቡናውን ሳይጠጣው ወደ ቤት ሄድን።

ከዚያ በኋላ ሴት ጎረቤት ሰላም ስትለው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ብቻ ያልፍ ጀመር። የክፍል ኃላፊዬ ሴት ነበረች። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ እማዬን ይልካል። ለምን እንደሆነ የገባኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

በወላይትኛ ለወንድም ለሴትም "ኔኒ" ነው የሚባለው። በአፋን ኦሮሞም "አቲ" ለሁለቱም ያገለግላል። አማርኛ ግን "አንተ" እና "አንቺ" ብሎ ይለያል። ስለዚህ አባቴ የሚሳሳተው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ያደገበት ቋንቋ እዚያ ቦታ ላይ ወንድና ሴት አይለይም፣ በቃ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ አማርኛን በሁለተኛና በሦስተኛ ቋንቋነት የምትናገሩ ብዙ ናችሁ፤ የምለው ይገባችኋል።

"ያኔ ዘመኑ ነው፣ ማንም አይከፋውም ነበር" የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ያኔም የከፋው ሰው ነበር። ቡናውን ሳይጠጣ አስቀምጦ ወጥቷል። የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ዲዝኒም ከድሮ ፊልሞቹ አንዳንዶቹ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው "ዳምቦ" ጭምር፣ ይህ አሳሳል ያኔም ስህተት ነበር፣ ዛሬም ስህተት ነው የሚል ማሳሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 አስቀድሞ ነበር። "ያኔም" የምትለዋ ቃል ለእኔ ትልቅ ናት።

ደግሞ እኛም በሌላው ስቀናል። እዚህ ሐዋሳ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን "ዘ ጎድስ መስት ቢ ክሬዚ"ን ያየን አለን። ደቡብ አፍሪካዊው ጄሚ ኡይስ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ፊልም ነው። የኮካ ኮላ ጠርሙስ ከአውሮፕላን ካላሃሪ በረሃ ላይ ይወድቃል፤ የበረሃው ነዋሪዎች፣ ሳን የሚባሉት ሕዝቦች፣ ከሰማይ የመጣ ስጦታ ይመስላቸዋል። ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። ፊልሙ በተሠራበት ጊዜ ግን ዋናው ተዋናይ ኒካው የመጣበት የናሚቢያ አካባቢ በደቡብ አፍሪካው የአፓርታይድ መንግሥት እጅ ነበር። ሳኖቹ መሬታቸውን አጥተው ሰፈራ ውስጥ ነበሩ፤ ወንዶቻቸውን ጦሩ ይመለምላቸው ነበር። ፊልሙ ግን ስለ ዓለም ምንም የማያውቁ፣ ችግር ያልነካቸው ሰዎች አድርጎ አሳየን። እኔም አፍሪካዊ ሆኜ አምኜው ወጣሁ። ይህ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ በብሔርና በዘር መቀለድ ሁሉ ነውር ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሜል ብሩክስ የሠራው "ብሌዚንግ ሳድልስ" ጥቁሮችን የሚያንቋሽሽ ቃል ሞልቶበታል። ነገር ግን ከጻፉት አንዱ ጥቁሩ ኮሜዲያን ሪቻርድ ፕራየር ነው። ከሁሉ ብልጡ ሰው ጥቁሩ ሸሪፍ ነው፤ የሚሳቅባቸው ዘረኞቹ ናቸው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው "ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ" ላይ ነጩ ሚኪ ሩኒ ሰው ሠራሽ ጥርስ ገጥሞ ጃፓናዊ ጎረቤት ሆኖ ይጮሃል። ጥርሱንና ዘዬውን ብታነሱበት ከሰውየው የሚቀር ነገር የለም።

ያ የእንቁጣጣሹ ዘበኛም እንደዚያው ነው። በኋላ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስም የለውም። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ የሚያስበው ነገር የለም። አማርኛው ብቻ ነው ያለው። እኔን የሚያመኝ በዘዬው መቀለዱ አይደለም። እኛ ቤትም ወላይትኛ እንሞክራለን ስንል አባዬ በእኛ ይስቅ ነበር፤ ደስ የሚል ሳቅ ነው። እዚያ ግን እሱም ሰው ነው፣ እኛም ሰው ነን። ሙድ መያዝ የሚሆነው ሰውየው ጠፍቶ ዘዬው ብቻ ሲቀር ነው።

ፊልሞቹ ይጥፉ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ይታዩ ባይ ነኝ። ከተደበቁ አባቴ ለምን ዝም እንዳለ ለልጆቼ የማሳያቸው ነገር አይኖረኝም። ሲታዩ ግን ዝም ብለን አናሳልፋቸው።

ስለዚህ የዛሬው ምሽት እንዲህ ይሁን። ፊልሙ ሲያልቅ ማይኩ ይዞራል። መጀመሪያ የሚናገሩት አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ ሰዎች ናቸው። በሲዳምኛም፣ በወላይትኛም፣ በአፋን ኦሮሞም ተናገሩ፤ የሚያስተረጉሙ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አባዬም ሦስተኛው ረድፍ ላይ አለ። መናገር ከፈለገ ማይኩን አድርሱለት፤ ካልፈለገም አታስጨንቁት።

መብራቱን አጥፉልን።