«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ሥራዬ ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ነገሩን ያነሳሳችው አንዲት አድማጭ ናት። የኬሚስትሪ ተማሪ ናት፣ ሦስተኛ ዓመት። «ልቤ ወደ ሕግ ሄዷል፤ ኬሚስትሪውን ላቋርጠው ወይስ ልጨርሰው?» ብላ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እህቴ፣ ጨርሺው። ለምን እንደምልሽ ለመናገር ግን ትንሽ ጊዜ ያስፈልገኛል።

እኔ እንግሊዝ አገር ባሪስተር ነኝ። ለማታውቁት፣ እዚህ ጠበቃ ሁለት ዓይነት ነው። ሶሊሲተሩ ባለጉዳዩን ተቀብሎ፣ ደብዳቤ ተጻጽፎ፣ ፋይሉን ያደራጃል። ባሪስተሩ በአብዛኛው ችሎት ቆሞ ይከራከራል፤ የሕግ አስተያየትም ይጽፋል። የእኔ ሥራ ፍትሐ ብሔር ነው። የሕክምና ስህተት፣ የተበከለ መሬትና ውሃ፣ ሥራ ቦታ ላይ በኬሚካል የተጎዱ ሰዎች። ባጭሩ፣ ማስረጃው ግራፍና ሰንጠረዥ ይዞ የሚመጣበት ክርክር።

እዚህ የደረስኩት ዞሬ ነው። ኬሚስትሪ ተመረቅኩ፤ ሁለት ዓመት ላብራቶሪ ሠራሁ። ከዚያ ከሌላ ሙያ ወደ ሕግ ለሚመጡ የሚሰጠውን የአንድ ዓመት ኮርስ ወሰድኩ፤ ቀጥሎ የባሪስተር ሥልጠናውን። ከአራቱ ማኅበራት፣ ከሊንከንስ ኢን፣ ከግሬይስ ኢን፣ ከኢነር ቴምፕልና ከሚድል ቴምፕል፣ የአንዱ አባል ሳይሆኑ ባሪስተር መሆን አይቻልም። በመጨረሻ ፒውፒሌጅ የሚባለው 12 ወር አለ። የመጀመሪያውን 6 ወር ልምድ ያለው ባሪስተር ኋላ ኋላ እየተከተልክ ታያለህ። በሁለተኛው 6 ወር ራስህ ችሎት ትቆማለህ።

ላብራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ማስታወሻ አያያዝ ነበር። በእስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ አይጻፍም። ስትሳሳት አታጠፋም፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ትሰርዛለህ። ቀኑን ጽፈህ ትፈርማለህ። ዛሬ የሆስፒታል መዝገብ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው እዚያ ነው። ይህ መስመር መቼ ተጻፈ? ይህ ስርዝ የማን ነው? ይህን ልማድ የሕግ ትምህርት ቤት አልሰጠኝም።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ማንም እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። የደንበኞቼ የጉድጓድ ውሃ ከጎናቸው ካለ ወርክሾፕ በሚወጣ ማሟሟቻ ኬሚካል ተበክሏል የሚል ክስ ነበር። የተከሳሽ ባለሙያ የላብራቶሪ ውጤት አቀረበ። ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች «አልተገኘም»፣ «አልተገኘም»፣ «አልተገኘም» ይላል። ሶሊሲተሯ ደውላ «አለቀልን መሰለኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ደክሞ ነበር።

እኔ የገጹን ግርጌ አየሁ። በደቃቅ ፊደል የመለኪያው ዝቅተኛ ወሰን ተጽፏል። ማሽኑ ከዚያ በታች ያለውን መጠን አያይም። እኛ ደግሞ የምንከራከረው ከዚያ ወሰን በታች ስላለ መጠን ነበር። የጣት ቀለበት የኩንታል ሚዛን ላይ አስቀምጦ «ክብደት የለውም» እንደማለት ነው። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። እኔ ምስክር አይደለሁም። የማውቀውን ተነሥቼ ለዳኛ «እኔ ኬሚስት ነኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» ማለት አልችልም። እውነቱ ከባለሙያው አፍ መውጣት አለበት። ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ክፍል 35 ለዚህ መንገድ ሰጥቷል። ሪፖርቱ በደረሰህ በ28 ቀን ውስጥ ለባለሙያው በጽሑፍ ጥያቄ ታቀርባለህ። ያው ደንብ የባለሙያው ግዴታ ከከፋዩ ይልቅ ለፍርድ ቤቱ ነው ይላል። ሁለት መስመር ጥያቄ ላክን፤ መልሱ አንድ መስመር ሆኖ መጣ። ባለሙያው ሐቀኛ ሰው ነበር፤ በዚያ መጠን መለኪያው ምንም ሊናገር እንደማይችል ጻፈ። ጉዳዩ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት አለቀ። ያን ቀን የደስታ እንባ ነበር ያነቀኝ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልሆነም። በሙያው የመጀመሪያ ዓመታት ለአንድ ባለሙያ መስቀለኛ ጥያቄ ሳቀርብ አርባ ደቂቃ ያህል ስለ መለኪያ መሣሪያው ጠየቅኩት። ጥያቄዎቹ ትክክል ነበሩ፤ መልሶቹም ለእኛ ይጠቅሙ ነበር። መሐል ላይ ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አየሁ፤ ግን አላቆምኩም። ስንወጣ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «አንተ የጠየቅከው ልክ ነው፤ እሷ ግን አልጻፈችውም፤ ያልተጻፈ ደግሞ ፍርዱ ውስጥ አይገባም» አለኝ። ያ ክርክር ላይ ተረታን። የደንበኛዬ ፊት ዛሬም አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጥያቄ ሳይንስ ላልተማረ ሰው አስነብባለሁ። ሰውዬው ካልገባው ጥያቄውን እንደገና እጽፋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሳይንስ ውስጥ «ገና አልታወቀም» ማለት ነውር የለውም። ዳኛ ግን እንዲህ ማለት አይችልም። ዛሬ ሰዎቹ ፊቱ ቆመዋል፤ ዛሬ መወሰን አለበት። በፍትሐ ብሔር ማስረጃው ሚዛን ከደፋ፣ ማለትም ከ50 በመቶ ትንሽ እንኳ ካለፈ፣ ነገሩ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ካላለፈ እንዳልተፈጸመ። ሎርድ ሆፍማን የሚባሉ የእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኛ በ2008 በአንድ ፍርድ ላይ ሕግ የሚያውቃቸው ቁጥሮች ዜሮና አንድ ብቻ ናቸው ብለው ነበር።

ይህ ምን ያህል እንደሚያም የገባኝ በ1987 በሃውስ ኦፍ ሎርድስ፣ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው የይግባኝ ችሎት በነበረው፣ የተወሰነ ጉዳይ ሳነብ ነው። በ1977 አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወድቆ የዳሌው መገጣጠሚያ ተሰበረ። ሆስፒታሉ ስብራቱን ሳያይ ወደ ቤት ላከው። የታወቀው ከ5 ቀን በኋላ ነው። ልጁ ለዘለቄታው ተጎዳ። የመጀመሪያው ዳኛ፣ በጊዜው ቢታከም እንኳ የመጎዳት ዕድሉ 75 በመቶ ነበር አሉ። ስለዚህ የጠፋበትን 25 በመቶ ዕድል አስልተው ከ46,000 ፓውንድ 11,500 ፈረዱለት። ለሳይንስ ሰው ይህ ስሌት ውብ ነው። ሃውስ ኦፍ ሎርድስ ግን ሻረው። 75 በመቶ ሚዛን ደፍቷል፤ ስለዚህ ጉዳቱን ያመጣው አወዳደቁ ነው፤ 25 በመቶው ካሳ የለውም አሉ። ለ5 ቀን ሕመሙ ብቻ 150 ፓውንድ ቀረለት።

የሕጉ አመክንዮ ይገባኛል። ለእያንዳንዱ ሽርፍራፊ ዕድል ካሳ ቢከፈል ክርክር ማብቂያ አይኖረውም። ግን ውሳኔውን አልወደውም፤ ዛሬም አልወደውም። አንድ ጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር ይዛ የመጣች እናት ሕጉን ካስረዳኋት በኋላ «ታዲያ የልጄ ዕድል የት ሄደ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። የተማርኳቸው ሁለቱም ሙያዎች ለእሷ የሚሆን መልስ አልነበራቸውም። ክሱን አታቅርቢ ብዬ መከርኳት። ትክክለኛ ምክር ነበር፤ ቤቴ ስገባ ግን ራት መብላት አቃተኝ።

ለዚህ ነው እህቴ ጨርሺው የምልሽ። ሕጉን በኋላ ትማሪዋለሽ። ቁጥር ሲቀርብልሽ እንዴት ተለካ፣ በምን ተለካ፣ ከምን ጋር ተነጻጸረ ብሎ መጠየቅ ግን ላብራቶሪ ውስጥ ቆመሽ፣ ሙከራሽ ሦስቴ ከሽፎብሽ ነው የሚገባሽ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የሁለት ባለሙያዎች የጋራ መግለጫ አለ። ፍርድ ቤቱ ሲያዝ ሁለቱም ተገናኝተው የተስማሙበትንና ያልተስማሙበትን ከነምክንያቱ ይጽፋሉ። በስምንት ነጥብ ተስማምተዋል። ዘጠነኛው ላይ «አንስማማም» ይላል፤ ምክንያቱ ደግሞ የአንደኛው ናሙና ፍሪጅ ሳይገባ ያደረ መሆኑ ነው። ሰኞ ችሎት ገብቼ የምጠይቀው ስለዚያች ሌሊት ነው። ጥያቄዎቹን ለጎረቤቴ አንብቤላታለሁ። ሁለቱ አልገቧትም፤ ዛሬ ማታ እንደገና እጽፋቸዋለሁ።