ከድጡ ወደ ማጡ፦ ወደ ባሕሩ የወጣንበት ቀን

እሷ፦ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ጉደኛ የእግር ጉዞ ነው። እቅዱ በእርሻና በሜዳ አቋርጠን ባሕሩ ጋ መድረስ፣ ከዚያ ጠረፍ ጠረፉን ይዘን መመለስ ነበር።

እሱ፦ እቅዱማ እንዴት ያምር ነበር! ካርታው ላይ 12 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገት የለውም፣ ምን ይመጣል?

እሷ፦ ጭቃ ይመጣላ! ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ።

እሱ፦ ጭቃ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አሸዋማ መሬት ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል። ሸክላ አፈር ውሃውን ይዞ ይቆይና ጫማ ላይ እየተደራረበ ይሄዳል፣ አንድ እግር ስታነሱ ግማሹን ማሳ ይዛችሁ ነው የምታነሱት። ከብት የሚያልፍበት በር አካባቢማ፣ ሁሉም እዚያው ስለሚረግጥ፣ በቃ አረንቋ ነው።

እሷ፦ ሰዓታችንን የበላው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣት የታወቀች ስሌት አለች። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዝ፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር ትላለች። በእሷ ከሄድን ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃን ነበር። ግን ስሌቷ ለደህና መንገድ ናት፣ ጭቃን አታውቅም። ግማሹን ሳንሄድ ሰዓቱ አለቀ።

እሱ፦ ብትዘገዩስ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ባሕሩ ነዋ! የመጨረሻዋ መንገድ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ረባዳ ቦታ ላይ ነው የምታልፈው፣ የምትታየውም ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው።

እሷ፦ ባሕሩ አንዴ ሞልቶ እንደገና እስኪሞላ በአብዛኛው ቦታ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል፣ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወልድ ደግሞ ሙላቱም ሽሽቱም ይብሳል።

እሱ፦ አገባቡም ያዘናጋል እኮ። መጀመሪያ ቀስ ይላል። ከዚያ ለመሙላት ከሚወስድበት ስድስት ሰዓት ገደማ መሃል ላይ ባሉት ሁለት ሰዓታት ብቻ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ይገባል። ሁልጊዜም ከፊት አይመጣም፣ በቦዮቹ ዞሮ ከኋላ ሊከባችሁ ይችላል።

እሷ፦ ስንደርስ መንገዷ ውሃ ገብቶባታል። አንተ ደግሞ “እስከ ጉልበት ቢደርስ ነው፣ እንሻገር” ትላለህ።

እሱ፦ ባሕሩ እኮ ፊት ለፊት ይታያል!

እሷ፦ ከድጡ ወደ ማጡ ልትከተን! የዚያ ቦታ ደለል ሲረግጡት ይላላል፣ ቆም ሲሉ ደግሞ እግርን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ውሃ እየመጣ እግር ከተያዘ ቀልድ የለም።

እሱ፦ እሺ፣ የተያዘ ሰው ምን ያድርግ?

እሷ፦ አይፍጨርጨር። ቦርሳውን ጥሎ ወደ ኋላ ጋለል ይበልና ክብደቱን ያስፋው፣ ከዚያ እግሩን በትንሽ በትንሹ እያወዛወዘ ያላቅቅ። ጫማው ከቀረ ይቅር። ለነፍስ አድን ሠራተኞች ቶሎ መደወል ነው፣ ውሃው እስኪደርስ አይጠበቅም። ጓደኛውም ልጎትተው ብሎ አጠገቡ እንዳይገባ፣ ያኔ አውጡን የሚሉት ሁለት ሰዎች ይሆናሉ።

እሱ፦ በአጭሩ ተመለስን። ባሕሩን ከኮረብታ ላይ በሩቁ አይተን! እኔ አሁንም ይቆጨኛል።

እሷ፦ እኔን ምንም አልቆጨኝ። በሚቀጥለው ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት መጀመሪያ እናያለን፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረን መነሻችንን እናወጣለን፣ ለጭቃው ደግሞ እጥፍ ሰዓት እንይዛለን።

እሱ፦ መጀመሪያ ጫማዬ ይድረቅልኝ።

እሷ፦ ማሞቂያ ላይ እንዳታደርገው፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጭቃውን አጥበህ፣ የውስጡን ንጣፍ አውጥተህ ጋዜጣ ጎስጉስበት፣ ሲርስ ትቀይረዋለህ።

እሱ፦ ጋዜጣ? በዚህ ዘመን ጋዜጣ ከየት ላምጣልሽ?