የቤታችሁ ፊልም ሰርቨር ፕሮሰሰር ለምን ይጨናነቃል?

[ስክሪን ላይ፦ የፕሮሰሰር መለኪያ ጣሪያ ነክቶ]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለን ፊልም ለቤቱ ቲቪና ስልክ ሁሉ የሚያሰራጩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከእነሱ ጄሊፊን፣ ፕሌክስ ወይም ኤምቢ ቤታችሁ ጭናችኋል እንበል። አንድ ሰው ፊልም ሲከፍት ፋኑ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ፊልሙ ይቆራረጣል። ሌላ ክፍል ያለው ሰው ደግሞ "ምን ነክታችሁት ነው?" ብሎ ይጮሃል።

ብዙ ሰው ወዲያው ፕሮሰሰሩን ነው የሚከሰው። "አርጅቷል፣ ሌላ እንግዛ።" ቆይ፣ ረጋ በሉ። ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚመጣው ከሰርቨሩ ሳይሆን ሳሎን ካለው ቲቪ ወይም ልጆቹ ከያዙት ስልክ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ከራውተሩ አጠገብ]

ይሄ የምታዩት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለ ሰርቨር ነው። ከቢሮ የወጣ ዴስክቶፕ፣ አራት ኮር፣ ማለትም አራት የስሌት ክፍል፣ ያለው አሮጌ አይ5 ፕሮሰሰር። ሊኑክስ ላይ ጄሊፊን ተጭኖበታል። ኢንተርኔት በፓኬጅ ለሚጠቀም ቤት እኮ አንዴ አውርዶ ሁሉም ከዚያው ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሳሎን ፊልም ተከፍቷል። እኔ የትኛው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ስንት በመቶ እንደያዘ የሚያሳየውን "ቶፕ" የሚለውን ትእዛዝ እጽፋለሁ። ከላይ የተቀመጠችውን መስመር እዩ፦ ኤፍኤፍኤምፔግ፣ 380 በመቶ። አትደንግጡ። ሊኑክስ እያንዳንዱን ኮር ለብቻው 100 ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ የዚህ ማሽን ጣሪያ 400 ነው። ዊንዶውስ ከሆነ ታስክ ማናጀር ሁሉንም ጠቅልሎ ከመቶ ያሳያችኋል። ፕሌክስ ላይ ደግሞ የምትፈልጉት ስም "ፕሌክስ ትራንስኮደር" ነው።

ኤፍኤፍኤምፔግ ጄሊፊን ቪዲዮ ለመቀየር የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው፤ አሁን ፊልሙን ፈትቶ እንደገና እያመቀው ነው። ትራንስኮድ የሚባለው ይሄ ነው። ቲቪው ፋይሉን እንዳለ መቀበል ከቻለ ሰርቨሩ ፋይሉን ከዲስክ አንስቶ ከመላክ ሌላ ስራ የለውም፤ ለዚያ አሮጌ ማሽንም አያንስም። እንዳለ ካልተቀበለ ነው መከራው የሚጀምረው።

ለምን አልተቀበለም? መገመት አያስፈልግም። ፊልሙ እየሄደ ጄሊፊን ላይ የፕሌይባክ መረጃውን ክፈቱ። በቀጥታ እየተላከ ይሁን ወይም ትራንስኮድ እየተደረገ፣ ምክንያቱን ጭምር ይነግራችኋል።

[ስክሪን ላይ፦ የፕሌይባክ መረጃ፣ "ሰብታይትል" የሚለው መስመር ተከቦ]

እዚህ ቤት ምክንያቱ ሰብታይትል ነው። አዎ፣ ያቺ ከታች የምትወጣው ጽሑፍ! ከብሉሬይ የተቀዱ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ፒጂኤስ የሚባል ሰብታይትል ይዘው ይመጣሉ። ፒጂኤስ ጽሑፍ ይመስላል እንጂ ስዕል ነው። ያንን ስዕል ማሳየት የማይችል ቲቪ ሲያጋጥመው ሰርቨሩ በየፍሬሙ ላይ ራሱ ይለጥፈዋል። ለዚህ ሲባል ሙሉው ፊልም ተፈትቶ እንደገና መታመቅ አለበት። አሁን ሰብታይትሉን ላጥፋው... እዩ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ ከዝርዝሩ ጠፋ። ፋኑም ተነፈሰ።

ሰብታይትል የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ለዚያው ፊልም ኤስአርቲ የሚባለውን የሰብታይትል ፋይል ፈልጉለት። ኤስአርቲ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ቲቪው ራሱ ያሳየዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኮዴክ ነው፤ ቪዲዮው የታመቀበት ዘዴ ማለት ነው። ኤች 264 በ2003 የወጣ ስለሆነ የማያውቀው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። በ2013 የመጣው ኤች 265 ግን ፋይሉን ያሳንሳል እንጂ የቆየ ቲቪና አንዳንድ ብሮውዘር አይቀበለውም። በብሮውዘር ከማየት የጄሊፊንን አፕ መጫን ይሻላል። ቲቪው ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ቤተሰቡ ደጋግሞ የሚያያቸውን ፊልሞች ብቻ ማታ ሁሉም ሲተኛ ሃንድብሬክ በሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኤች 264 ቀይሯቸው። ልጆች አንዱን ካርቱን ስንቴ እንደሚያዩት ታውቁታላችሁ፤ አንዴ መቀየሩ ያዋጣል።

ዋይፋይም አለበት። ጥራቱ "አውቶ" ላይ ከሆነ አፑ የመስመሩን ፍጥነት ይለካና "አሳንሰህ ላክልኝ" ይላል። ማሳነስም ትራንስኮድ ነው። የጎረቤት ሁሉ ራውተር በሚጋፋበት ኮንዶሚኒየም ይሄ የተለመደ ነው። ቲቪውን በገመድ አገናኙና ጥራቱን ከፍተኛው ላይ አድርጉት።

ማንም ሳያይ ፕሮሰሰሩ ከተጨናነቀስ? ያኔ ዳሽቦርዱ ላይ የታቀዱ ስራዎችን ተመልከቱ። ላይብረሪ መፈተሽ፣ ከፊልሙ ትንንሽ ምስል ማውጣት የመሳሰሉት አሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ እንዲጀምሩ የተደረጉ ስራዎች ልክ ሰው ፊልም ሊከፍት ሲል ይነሳሉ። ወደ ሌሊት አዙሯቸው። እዚያም ምንም ከሌለና የማታውቁት ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ይዞት ካገኛችሁ፣ በተለይ ዊንዶውሱ ክራክ ከሆነ፣ ቫይረስ ጠርጥሩ። በሰው ማሽን ክሪፕቶ የሚያመርት ሞልቷል።

[ስክሪን ላይ፦ የተከፈተ ካሻ፣ አቧራ የለበሰ ፋን]

ይሄንን ሳልናገር አላልፍም። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ያው ስራ ብዙ በመቶ ይወስድበታል። ግንባታ ያላለቀበት ሰፈር አቧራው አይጣል ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ፋኑ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ዝቅተኛ ቦታ ላይ እንዳለው አይደለም። ነቅላችሁ አጽዱት። ጎሚስታ ወስዳችሁ ግን አታስነፉት፤ የኮምፕሬሰር አየር ውሃ ይዞ ይመጣል። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ስታጸዱ ፋኑን በጣት ያዙት፣ እንዳይሽከረከር።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ትራንስኮድ የማይቀር ከሆነ ስራውን ለግራፊክሱ ስጡት። ግራፊክስ ያላቸው ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ለዚሁ የተሰራ ክፍል አለ። ጄሊፊን ላይ በነጻ ታበሩታላችሁ፤ ፕሌክስ ግን ፕሌክስ ፓስ የሚባለውን የሚከፈልበት አገልግሎት ይጠይቃል። ዶከር፣ ማለትም ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በታጠረ ቦታ የሚያስኬደውን፣ የምትጠቀሙ ግራፊክሱን ለኮንቴይነሩ ማሳየት እንዳትረሱ። ማሽናችሁ የማይችለውን ኮዴክ ግን አትምረጡ፤ ፊልሙ ጨርሶ አይከፈትም።

ያገለገለ ዴስክቶፕ ልትገዙ ከሄዳችሁም ስሙን አንብቡ። አይ5-4570 ከሆነ አራተኛ ትውልድ ነው፤ ኩዊክ ሲንኩ ኤች 265 አይችልም። አይ5-6500 ስድስተኛ ነው፤ ባለ 8 ቢቱን ይሰራል፤ ቢቱ ሲጨምር የቀለሙ ዝርዝር ይጨምራል። ባለ 10 ቢት ኤች 265 የምትፈልጉ፣ 4ኬ ፊልሞች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ከሰባተኛው ጀምሩ፤ አይ5-7500 ማለት ነው። ዘጠነኛና ከዚያ በላይ ሆኖ መጨረሻው ላይ ኤፍ ፊደል ካለበት ተዉት፤ ግራፊክስ የለውም።