ግንቡና የሐሩ መሰላል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ካርድ ነው የማወራችሁ።

ታሮት የሚባሉት፣ ብዙዎች ዕጣ ፈንታ የሚያነቡባቸው ባለ ሥዕል ካርዶች 78 ናቸው። ከሁሉም የምፈራት 16ኛዋን ነበር፤ ግንቡን። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሳለቻትና እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን በታተመችው ካርድ ላይ መብረቅ የግንቡን አናት ይመታል። ጫፉ ላይ የነበረው ዘውድ ተነቅሎ ይወድቃል። በመስኮቶቹ እሳት ይወጣል። ሁለት ሰዎች ቁልቁል ይወረወራሉ። ሥራዬን ያጣሁ ሰሞን ደጋግማ ስትወጣብኝ ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበር።

ታሮት ጥንት ጣሊያን ውስጥ መጫወቻ ነበር። ዕጣ ፈንታ ማንበቢያ የሆነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እኔም መጪውን ንገሪኝ አልላትም። አወጣትና "ይቺ የየትኛው ተረት ናት? እኔስ ተረቱ ውስጥ የት ደርሻለሁ?" እላለሁ። "ጨረቃ" የምትባለዋ ካርድ ስትወጣ፣ ጫካ ውስጥ ተኩላ የገጠማት ቀይ ቆብ ያጠለቀችው የተረት ልጅ ትመጣብኛለች፤ ካርዷ ላይ ውሻና ተኩላ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል።

ግንቡ ግን ራፑንዘልን አመጣብኝ፤ ግንብ ውስጥ ተዘግቶባት ረጅም ፀጉሯን እንደ ገመድ ቁልቁል የምትለቀውን የተረት ልጅ።

በጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች በግሪም ወንድማማቾች ተረት ጠንቋይቱ የዘጋችባት በ12 ዓመቷ ነው። ግንቡ በርም ደረጃም የለውም። ብዙዎቻችን ፀጉሯን ብቻ ነው የምናስታውሰው። እኔን የያዘኝ ሐሩ ነው። በፀጉሯ እየወጣ የሚጎበኛትን ልዑል በመጣ ቁጥር አንድ ጥቅል የሐር ክር እንዲያመጣላት ትጠይቀዋለች። በሱ መሰላል ልትሠራ ነው። ቀስ በቀስ፣ ተደብቃ። አስቡት፤ ያቺ ልጅ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም።

መሰላሉ ግን አላለቀም። ጠንቋይቱ ነቃችባት። ፀጉሯን በመቀስ ቆረጠችና ምድረ በዳ ወስዳ ጣለቻት።

እዚህ ጋ ስደርስ አለቀስኩ። እኔም ከዚያ ሥራ ለመልቀቅ ሁለት ዓመት ተዘጋጅቻለሁ። ማታ ማታ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፤ ምን እንደምማር፣ ስንት እንደማስቀምጥ፣ በየትኛው ወር እንደምወጣ። ሳልጨርስ አንድ ጠዋት ሰብስበው አሰናበቱን። መውጣቱንማ ወጣሁ። ግን በራሴ መሰላል አልነበረም። የቆጨኝ እሱ ነው እንጂ ሥራውስ አይደለም።

ካርዷን ብዙዎች "ድንገተኛ ውድቀት" ብለው ይፈቷታል። ልክ ነው፣ ለእኔ ግን ይጎድለዋል። ራፑንዘል ከግንቡ የወጣችው በተባረረች ቀን ነው። ምድረ በዳው ቀላል አልነበረም፤ ዓመታት ተንገላታለች። ሆኖም ዓይኑን እሾህ ወግቶት የታወረውን ልዑል በእንባዋ ያዳነችው እዚያው ነው።

ስለ ሐሩ ግን ተረቱ ወደ ኋላ ላይ ምንም አይልም። የት ደረሰ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ትናንት ማታ ካርዷ እንደገና ወጣች። ወደ ክምሩ አልመለስኳትም። ጠረጴዛው ላይ ተውኳትና ከአልጋዬ ስር ደብተሬን አወጣሁ።