ቢሊገር፦ ተኝቶ መክበብ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ የማወራችሁ ቢሊገር ስለሚባል የእንግሊዝኛ ግስ ነው። የእንግሊዝኛ ዜና የምትከታተሉ ሳትሰሙት አትቀሩም። ጠቅላይ ሚኒስትር ተቃውሞ ሲበዛበት፣ ኩባንያ ዕዳ አላላውስ ሲለው "ቢሊገርድ" ይባላል። መነሻው ግን ከተማን በጦር መክበብ ነው።

እንግሊዞች ቃሉን ከደች፣ ማለትም ከሆላንዶች ቋንቋ፣ የወሰዱት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ያኔ ደቾች በስፔን ንጉሥ ላይ አምፀው ነበር፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1585 ጦር ልካላቸዋለች። ግሱ የተሠራው "ሌኸር" ከሚለው የደች ቃል ነው። "ሌኸር" ዛሬ ሠራዊት ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን የጦር ሰፈርም ነበር። የእኛም ሰፈር እኮ እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ የድሮ ሰፈሮች ብዙዎቹ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው ያረፉባቸው ናቸው። የሌኸር ሥሩ ደግሞ መጋደም ነው።

ይሄ መጋደም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከበባ ሲባል መድፍና መሰላል ነበር የሚታየኝ። ለካ ዋናው ሥራ ድንኳን ተክሎ፣ መንገድ ዘግቶ መተኛት ነው። ቀሪውን ረሃብ ይጨርሰዋል።

የሆላንዷን ከተማ ለይደንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1574 የስፔን ጦር ከተማዋን ዙሪያዋን በምሽግ አጥሮ ተቀመጠ። ውስጥ ብር ሲያልቅ ሰዎቹ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን ወረቀት አጣብቀው ሳንቲም ሠሩ። አስቡት፣ የወረቀት ሳንቲም! ቀጥሎ ዳቦው አለቀ። ወረርሽኝ ገባ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞተ። ደብዳቤ የምታመላልሰው እርግብ ነበረች።

ከውጭ ያሉት ወገኖቻቸው ጨከኑና የገዛ አገራቸውን ግድቦች ሰብረው ውሃውን በእርሻው ላይ ለቀቁት። ውሃው ግን ቶሎ አልሞላም። ነፋስ እስኪነሳ ስንቱ ቀን አለፈ! በመጨረሻ ውሃው ሲመጣባቸው ስፔኖቹ በሌሊት ለቀው ሄዱ። ኦክቶበር 3 ቀን ጠዋት ጀልባዎቹ ሄሪንግ የሚባል ዓሣና ነጭ ዳቦ ይዘው ገቡ። ለይደን ዛሬም በየዓመቱ በዚያ ቀን ይህንኑ ትበላለች።

ስለ ዛሬው አጠቃቀም ቅር የሚለኝ ነገር አለ። "ተከበበ" እንጂ "እገሌ ከበበ" የሚል እምብዛም የለም። ከባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። በለይደን ከባቢው ስም ነበረው፤ ድንኳኑም ከግንቡ ላይ ይታያል። ስለዚህ ዜና ላይ "ቢሊገርድ" የተባለ ከተማ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው መንገዱን ማን እንደዘጋው ነው። ዘገባው ካልነገረኝ ሌላ ዘገባ እከፍታለሁ።